የባላምባራስን ፊት ፍለጋ

ዓይኔ ጤነኛ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ስታነቡ ግማሾቻችሁ «መነጽር ቢገዛ ምን ነበረበት?» ማለታችሁ ስለማይቀር ነው። ጊዮርጊስ ደጃፍ ቆሜ የማዘጋጃ ቤቱን ሰዓት አነባለሁ። ከምሠራበት የፒያሳ ጫማ ቤት ባንኮኒ ኋላ ሆኜ፣ በማዶ የሚያልፈው ሰውዬ ጫማው አዲስ ይሁን ሶሉ የተቀየረ እለያለሁ። የማላውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም የሰው ፊት ነው።

አፍንጫውን አያለሁ። ዓይኑን አያለሁ። ጢም ካለው ጢሙንም አያለሁ። ሁሉንም ሰብስቤ «ይህ ሰው እገሌ ነው» ለማለት ስሞክር ግን የሚመጣልኝ ነገር የለም። ሰውየው ዞር ብሎ ሲመለስ ለእኔ ሌላ ሰው ነው። ጉዱ ደግሞ ይህ ችግር መሆኑን እስከዚያ ክረምት ድረስ አለማወቄ ነው። የአዳም ልጅ ሁሉ የሚተዋወቀው በኮት፣ በአረማመድ፣ በድምፅና በጫማ ይመስለኝ ነበር። ፖሊስ የሚፈልገውን ሰው ፎቶግራፍ ግድግዳ ላይ ለጥፎ ሳይ፣ «ኮቱን ቢለጥፉት አይሻልም ነበር?» እያልኩ አልፍ ነበር።

በሥራዬ ግን የተመሰገንኩ ነበርኩ። ይህን የምናገረው ለመኩራራት አይደለም፤ ለመኩራራት ቢሆንም ነውር የለውም። አሠሪዬ ጋሽ ሸምሱ ከጉራጌ አገር መጥተው ፒያሳ ላይ ሱቅ የከፈቱ፣ ሰውን በከንቱ የማያመሰግኑ ነጋዴ ነበሩ። እሳቸው ሳይቀሩ «ይህ ልጅ ደንበኛ አይረሳም» ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው። እግር ረስቼ አላውቅም። በራፉ ላይ አንድ ጥንድ ጫማ ብቅ ሲል ቀና ሳልል «እንደምን ዋሉ ፊታውራሪ፣ ትንሿ ጣትዎ ተሻላት?» እላለሁ፤ ሰውየው ደስ ብሎት ሌላ ጥንድ ይገዛል።

እጮኛዬን ንግሥትንም ያገኘኋት እዚያው ሱቅ ውስጥ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ስልከኛ ነበረች። ሽማግሌ ልኬ፣ እሺ ተብዬ፣ ሠርጋችን ለጥር ተቆርጦ ነበር። አባቷ ባላምባራስ ወርቅነህ ይባላሉ። ባላምባራስ ሙሉ ጢም፣ ጥቁር ከዘራ፣ እኔው የሸጥኩላቸው ቡናማና ነጭ ጫማ ነበራቸው። ባላምባራስ ማለት ለእኔ እነዚህ ሦስቱ ነበሩ። በመካከላቸው ያለውን ሰው አላውቀውም።

እንግዲህ ሐምሌ ገባ። ፒያሳ በሐምሌ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፤ ጎርፉ ከላይ ከጊዮርጊስ ሲወርድ ጫማ ሻጭ ብቻ ነው ደስ የሚለው። አንድ ከሰዓት በኋላ ሱቁ በር ላይ ቆሜ ዝናቡን ሳይ፣ የዝናብ ካፖርታቸውን ኮሌታ እስከ አፍንጫቸው የቆለፉ አንድ ሰው በከዘራ ፈንታ ጃንጥላ ይዘው መጥተው ፊት ለፊቴ ቆም አሉ። አየኋቸው። አዩኝ። ቁልቁል ባይ ያጠለቁት የጎማ ቦት ነው፤ እኛ ደግሞ የጎማ ቦት አንሸጥም። ደንበኛችን አይደሉም ብዬ ፊቴን አዞርኩና ወደ ውስጥ ገባሁ። ባላምባራስ ወርቅነህ መሆናቸውን የሰማሁት ኋላ ነው። ያን ቀን እንኳ ሰውየው ታግሠውኝ፣ «ሐሳብ ይዞት ይሆናል» ብለው አልፈዋል አሉ።

በዚያ ቢያበቃ መልካም ነበር። በማግስቱ ግን ፀጉሬን ልስተካከል ሄድኩ።

ፀጉር ቤቱ ውስጥ ከአጠገቤ ባለው ወንበር ላይ አንድ ሽማግሌ ነጭ ጨርቅ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ለብሰው፣ ሳሙና እስከ ዓይናቸው ተቀብተው ጢማቸውን ይላጫሉ። ከጨርቁ ሥር ብቅ ያለው የጎማ ቦት ነው። ያን ሰሞን አዲስ አበባ ሙሉ የጎማ ቦት ስለነበር ምንም አልጠረጠርኩም። ለካ ባላምባራስ ጢማቸው ሥር ችፌ ወጥቶባቸው፣ ሐኪም «ይላጭ» ብሏቸው ኖሯል። እኔ ፀጉር ቤት ስገባ አፌ አያርፍም፤ ዝም ብሎ መቀመጥ ለመቀስ መጋለጥ ይመስለኛል። ስለዚህ ጨዋታ ጀመርኩ።

ጢማቸውን ስለተገላገሉ እንኳን ደስ ያለዎ አልኳቸው። ቀጥዬም አማቴ ሊሆኑ ስላሉት ባላምባራስ ነገርኳቸው። ሰውየው ጢማቸውን እንደ ርስት እንደሚጠብቁት ነገርኳቸው። በአምስቱ ዘመን የጠላት ጦር እያሳደዳቸው አዋሽን በዋና የተሻገሩበትን ታሪክ በየሳምንቱ እንደሚያወሩ፣ ወንዙም በየሳምንቱ እየሰፋ እንደሚሄድ፣ ባለፈው እሑድ ከዚህኛው ዳር ያኛው ዳር መታየት ማቆሙን ነገርኳቸው። «በዚህ ዓይነት እስከ ሠርጋችን ድረስ ቀይ ባሕርን ይሻገራሉ» አልኩ። ሽማግሌው ምላጩ ጉሮሯቸው ላይ ስለነበር ከ«እህ» በቀር አልተነፈሱም። ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ ደጋግሞ ያስላል። ጉንፋን ይዞት መሰለኝ፤ ዳማከሴ እንዲጠጣ መከርኩት።

ስወጣ ከወንበሬ ተነሥቼ እጅ ነሣሁና፣ «እንዲህ የሚያዳምጥ አማት ቢኖረኝ ምን ነበረበት» አልኳቸው። ከልቤ ነበር። በጣም ወድጃቸው ነበር።

በሚቀጥለው ቀን ንግሥት ሱቅ ደወለች። ድምፅዋ የወትሮው አልነበረም።

«ትናንት ፀጉር ቤት አጠገብህ ማን ተቀምጦ ነበር?»

«አንድ የተከበሩ ሽማግሌ። በጣም ተግባባን።»

«አባባ ናቸው።»

ስልኩን እንደያዝኩ ባንኮኒው ላይ ተቀመጥኩ፤ ጋሽ ሸምሱ ደግሞ ባንኮኒ ላይ መቀመጥ አይወዱም። ንግሥት ቤታቸው የተነገረውን ሁሉ ነገረችኝ። ባላምባራስ ሽማግሌዎቹን አስጠርተው፣ ውቤ በረሃ እያደረ ናላው ለዞረ ባለጌ ልጄን አልሰጥም፣ ሠርጉ ፈርሷል ብለዋል። ጠጥተህ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አልጠጣሁም አልኳት። ታዲያ አላየሃቸውም ወይ አለች። አይቻቸዋለሁ፣ ግን አላወቅኋቸውም አልኩ። ሰው ያለ ጫማው እንዴት ይታወቃል ብዬ እኔው መልሼ ጠየቅኋት።

ከወዲያ በኩል ሌላ ስልክ ሲጮህ ሰማሁ። ንግሥት የሚጮህ ስልክ ስትተው ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«እኔንስ?» አለች ቀስ ብላ። «ፊቴን ታውቀዋለህ?»

እኔ በራሴ የምተማመን ሰው ነኝ። ከሺህ ሰው መካከል በድምፅሽ እለይሻለሁ አልኳት፤ የሚያኮራት መስሎኝ። ስልኩን ዘጋችው።

ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ሌላው ሰው ሰውን የሚያውቀው በፊት መሆኑን የተረዳሁት። ጋሽ ሸምሱን ጠየቅኋቸው። ሚስታቸውን ቀሚሷን ብትቀይርም ያውቋት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ጋሽ ሸምሱ ረጅም ጊዜ አዩኝና ውኃ እንድጠጣ አዘዙኝ።

ሐዘን አልያዘኝም አልልም፤ ግን ተስፋ መቁረጥ የእኔ ጠባይ አይደለም። አገሩ የሚያውቀው የይቅርታ ደንብ አለ፤ ድንጋይ ተሸክሞ እግር ላይ መውደቅ። እሑድ ቅዳሴ ሲያበቃ ባላምባራስ ከጊዮርጊስ ይወጣሉ። ጢሙ ተላጭቷል፤ እንግዲህ የቀሩኝ ከዘራውና ጫማው ናቸው። ደግሞ ያን ዕለት እግዚአብሔር ይመስገን ፀሐይ ወጣ፤ የጎማ ቦት የለም። በቅጥሩ ሥር ደህና ድንጋይ መረጥኩ። ትንሽም ይበቃ ነበር፤ እኔ ግን በበደሌ ልክ ይሁን ብዬ ተለቅ ያለውን አንሥቼ ትከሻዬ ላይ ጫንኩት።

ሕዝቡ መውጣት ጀመረ። ቁልቁል እያየሁ ስጠብቅ መጣ፤ ቡናማና ነጭ፣ ከእኔ እጅ የወጣ ጫማ፣ አጠገቡም የከዘራ ጫፍ። ከነድንጋዬ ጫማው ላይ ወደቅሁ። በምላሴ የበደልኩዎት ልጅዎ ነኝ፣ ስለ ጊዮርጊስ ብለው ይማሩኝ፣ ዳግመኛ ቃል አይወጣኝም እያልኩ ለመንኩ። ሰው ከበበን። አሮጊቶች ከንፈር መጠጡ። ከበላዬ እጅ መጥቶ ድንጋዩን ከትከሻዬ አነሣው።

«ተነሥ ልጄ። ይቅር ብዬሃለሁ፤ እሱም ይቅር ይበልህ።»

የከበበን ሰው አሜን አለ። እኔ ግን አሜን ማለት አልቻልኩም። ድምፁ ቀጭን ነው። የባላምባራስ ድምፅ ከበሮ ነው፤ ይህ ደግሞ ክራር ነው። ሰውየው እጄን ይዘው ከሕዝቡ ለየት አደረጉኝና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«በል አሁን ምን እንዳደረግኸኝ ንገረኝ።»

ጋሽ ሸምሱ የዚያኑ ጫማ ሁለተኛ ጥንድ እኔ በሌለሁበት ቀን ሸጠውት ኖሯል።

አቶ ደምሴ ይባላሉ፤ ያን ጫማ የገዙት ሰው። ሥራቸው ነገረ ፈጅነት ነው፤ ለሰው እየተከራከሩ ዕድሜያቸውን በፍርድ ቤት ደጃፍ ያሳለፉ። ፒያሳ ካለ አንድ ቡና ቤት ወስደው ማኪያቶ አዘዙልኝና ጉዴን ሁሉ ሰሙ። ተሳስተሃል ለምን አላሉኝም ብዬ ጠየቅኋቸው። በሥራቸው የበደላቸው ሰው ብዙ በመሆኑ ከእነዚያ አንዱ መስዬአቸው እንደነበር፣ ደግሞም ድንጋይ የተሸከመ ሰው እንዲሁ መመለስ ደስ እንደማይል ነገሩኝ። ቀጥለውም፣ የሚያውቀውን ሰው አላውቅም ብሎ የሚምል ብዙ ባለጉዳይ አይቻለሁ፣ በእውነት የማያውቅ ግን አንተ የመጀመሪያዬ ነህ አሉ። ነገሩን እንደ ትልቅ ክርክር ያዙት። የእህታቸው ልጅ በውጭ አገር ስለ አንጎልና ስለ ነርቭ ተምሮ የመጣ ሐኪም ስለነበረ ወደ እሱ ላኩኝ።

ዶክተር ክፍሌ መነጽር ያደረገ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ፣ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ሰው ነበር። ዓይኔን መረመረ፤ ደህና ነው። ከበቅሎ ወድቀህ ታውቃለህ፣ ጭንቅላትህን ተመትተሃል ወይ አለ፤ በፍጹም። ከዚያ የሰዎች ፎቶግራፍ አምጥቶ ፀጉራቸውንና ልብሳቸውን በወረቀት እየሸፈነ ጠየቀኝ። ሁሉም አንድ ዓይነት ዳቦ መሰሉኝ። አንዱን ደግሜ ደጋግሜ አየሁና ይህ ሰው ሞኝ ይመስላል አልኩ። የእኔው ፎቶግራፍ ነበር፤ ለሠርጉ ጥሪ የተነሣሁት፣ አቶ ደምሴ ከጋሽ ሸምሱ ተቀብለው ያቀበሉት።

ከዚያ ዶክተሩ ትንሽ ጠብቀኝ ብሎ ወጣ። ቆይቶ አንድ ኮት የለበሰ ሰውዬ ገብቶ ዝም ብሎ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ወረፋ የሚጠብቅ በሽተኛ መስሎኝ፣ አይዞህ፣ ዶክተሩ ልጅ ነው ግን ጎበዝ ይመስላል ብዬ አጽናናሁት። ሰውየው ፈገግ አለ። ጋዋኑን አውልቆ፣ መነጽሩን ኪሱ ከትቶ የተመለሰ ራሱ ዶክተር ክፍሌ ነበር። በሽተኛ ሲታመም እንዲህ የሚደሰት ሐኪም አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። ዓይን ፎቶ ቢያነሣም፣ የተነሣውን አይቶ ይህ እገሌ ነው የሚለው አንጎል ነው። አንጎል ደግሞ እንደ አዲስ አበባ ሠፈር ሠፈር አለው፤ በአንዱ ቋንቋ ይውላል፣ በአንዱ እጅና እግር ይታዘዛል፣ ከኋላ ወደ ታች ዝቅ ብሎ ደግሞ ፊት ለመለየት የሚያገለግል ሠፈር አለ። በጦርነት እዚያ ላይ የቆሰሉ ሰዎች ሚስቶቻቸውን በድምፅ ብቻ ሲለዩ ተጽፏል አለ። የእኔ ሠፈር መብራት አልገባለትም ማለት ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀና፣ እንዲያ ሊሆን ይችላል፣ ሳይመታ እንዲህ ሆኖ ስለተወለደ ሰው ግን እስካሁን አላነበብኩም፣ እኔ ያላነበብኩት ሁሉ የለም ማለት አይደለም አለ። ይህን ቃሉን እስከ ዛሬ እወድለታለሁ። አሁን እንደምሰማው፣ ሰው ፊት ሲያይ የትኛው የአንጎሉ ክፍል እንደሚሠራ የሚያሳይ መሣሪያ ተገኝቷል። ተመራማሪዎቹም እንደ እኔ ሳይወድቅ ሳይመታ ፊት የማይለይ ሰው መኖሩን ደርሰውበታል፣ ለምን እንደሆነ ገና ያጠናሉ አሉ። እኔ በፒያሳ ቀድሜያቸዋለሁ።

መድኃኒቱን ስጠይቀው መድኃኒት የለውም አለ። ለሰው መንገር ብቻ ነው የሚያዋጣህ አለኝ።

አቶ ደምሴ ይህን ይዘው፣ ጋሽ ሸምሱን አስከትለው፣ እኔን ወደ ኋላ አድርገው ከሥላሴ በታች ወዳለው የባላምባራስ ቤት ሄዱ። ምን እንዳሉ በሩ ላይ ሆኜ እሰማ ነበር፤ ነገረ ፈጅ እንዲህ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። ባላምባራስ ግን በዋዛ የሚመለሱ ሰው አይደሉም። ፊት የማያውቅ አንጎል የሚባል ነገር ከተወለድኩ አልሰማሁም፣ እውነት ከሆነ አሁኑኑ ይፈተን አሉ። ለጥቂት ጊዜ ውጭ እንድጠብቅ ተደረገ።

ስገባ በአግዳሚው ወንበር ላይ አራት ሰዎች በረድፍ ተቀምጠዋል። አራቱም ጋቢ እስከ አገጫቸው ተከናንበዋል፤ ከዘራ የለም፣ ባርኔጣ የለም፣ ጢም የለም። እግራቸውንም በጋቢው ሸፍነውታል፤ ጫማ ሻጭ መሆኔን ባላምባራስ አልረሱም። እመቤቲቱ ወይዘሮ አስካለ ከበሩ አጠገብ ቆመዋል። «ከእነዚህ አማትህ የትኛው ናቸው?» አሉኝ።

አቶ ደምሴ ነገሩን ቀድመው አይተውታል፤ በጆሮዬ ሹክ አሉኝ። ካወቅሃቸው ውሸታም ትባላለህ፣ ካላወቅሃቸው በሽተኛ ትባላለህ፣ እንግዲህ አንተው ታውቃለህ አሉ። እኔ ግን ማጭበርበር አልፈለግሁም፤ ደግሞም የማወቅ ያህል ተሰምቶኝ ነበር። ባላምባራስ ኩሩ ሰው ናቸው፤ ስለዚህ ከሁሉም ደረቱን ገልብጦ፣ አንገቱን አቅንቶ፣ ሳይንቀሳቀስ የተቀመጠውን መረጥኩ። ጉልበቱ ላይ ወድቄ «ባላምባራስ፣ ይማሩኝ» አልኩ።

ሰውየው ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሣ። የግቢው ዘበኛ ነበር፤ ከጌታው ጎን ተቀመጥ ሲባል ደንግጦ እንደ ችካል ደርቆ ነው። «ኧረ ጌታዬ፣ እኔ የለሁበትም» እያለ ወደ በሩ ሸሸ።

ወይዘሮ አስካለ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጣል። ባላምባራስ ከረድፉ ሦስተኛው ቦታ ላይ ጋቢያቸውን ገልጠው ብቅ አሉ። ፊታቸውን ባላውቀውም ግራ መጋባታቸውን አየሁ። ከዘበኛቸው ጋር መመሳሰላቸው አናዷቸዋል፤ እውነቴን መሆኑ ደግሞ ቁጣቸውን አሳጥቷቸዋል። በመጨረሻ አለመዋሸቴን እንደተቀበሉ፣ ግን ልጃቸውን ከመንገድ ሴት ለማይለይ ሰው እንዴት እንደሚሰጡ ተናገሩ። በዚህ ጊዜ አቶ ደምሴ እንኳ ወደ ጋሽ ሸምሱ ዞሩ። ጋሽ ሸምሱ መሬት መሬት ያያሉ። እኔም ለአንድ አፍታ፣ ለአንድ አፍታ ብቻ፣ ልበ ሙሉነቴ ከዳኝ።

ከጓዳው በር መጋረጃው ተገለጠ። ሽማግሌ ባለበት ልጅ አይናገርም፤ ንግሥት ግን ወጥታ ከእናቷ አጠገብ ቆመች። ስልኩን ከዘጋችበት ቀን ጀምሮ ድምፅዋን አልሰማሁም ነበር።

«አባባ፣ ነገሩ መጀመሪያ አስለቅሶኝ ነበር» አለች። «ኋላ ሳስበው ግን፣ ፊቴ ሲያረጅ የማያይብኝ ባል ከዚህ ሌላ ከየት አገኛለሁ?»

ወይዘሮ አስካለ ቀስ ብለው ወደ ባላቸው ዞሩና ረጅም ጊዜ አዩዋቸው። ከዚያ «እውነቷን ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ ባላምባራስ ያሏቸው ክርክሮች ሁሉ ዋጋ አልነበራቸውም፤ እሳቸውም ያወቁት መሰለኝ ጋቢያቸውን ሰብስበው ቁጭ አሉ።

ይቅርታ ልጠይቅ ስጎነበስ በትከሻዬ ያዙኝ። ሽማግሌ ከልጅ ቀድሞ ሰላም አይልም፤ የአገሩ ደንብ ነው። ባላምባራስ ግን ከእንግዲህ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ቀድመው የሚናገሩት እሳቸው መሆናቸውን በሽማግሌዎቹ ፊት ቃል ገቡ። ቃላቸውን ጠብቀዋል። በፒያሳ ሕዝብ መካከል ከማዶ ሆነው ከዘራቸውን እያነሡ «እኔ ነኝ!» ሲሉ የሰሙ ሁሉ፣ ሽማግሌው አርጅተው ስማቸው ጠፋባቸው ብለው ያዝኑላቸው ነበር። እሳቸውም ምክንያቱን ለማንም አልነገሩም።

በጥር ተጋባን። ካገባን በኋላ በመጀመሪያው የጊዮርጊስ ክብረ በዓል ዕለት፣ ሴቱ ሁሉ ነጭ በነጭ ለብሶ ከቅጥሩ ሲወጣ፣ ባሎች ሁሉ አንገታቸውን አስግገው ሚስቶቻቸውን ይፈልጋሉ። እኔ በሩ አጠገብ እጄን ኪሴ ከትቼ ቆሜአለሁ። አጠገቤ የነበረ ሰው አየኝና፣ «አንተ ሚስትህን አትፈልጋትም እንዴ?» አለኝ።

«አልፈልጋትም» አልኩት። «እሷ ናት የምትፈልገኝ።»

ሰውየው ገና አፉን ሳይዘጋ፣ ከነጫጮቹ ነጠላዎች አንዱ መጥቶ እጅጌዬን ያዘኝ።